ጓንቱ ውስጥ ያለው እጅ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

በዚህ እትም ለአምዱ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የመረጥናቸው በደሴና በኮምቦልቻ በጥርስ ሕክምና ሥራ ላይ ከተሰማሩ ባለሙያዎችና ሠራተኞች የተላኩትን ነው። የጠያቂዎቹ የሥራ ድርሻ የተለያየ ቢሆንም ጥያቄያቸው የታካሚን አፍ የሚነካው እጅ ንጹሕ ሆኖ፣ ሳይቆስልና ሳይወጋ እንዴት ሊቆይ እንደሚችል ነው። የጠያቂዎቹን ስምና የሚሠሩባቸውን ተቋማት ከደብዳቤዎቹ አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት የምሠራ ነርስ ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የሁለቱም እጆቼ ጀርባ ይደርቃል፣ ይቀላል፤ በጣቶቼ መገጣጠሚያ ላይ እየተሰነጠቀ ይደማል። ሳኒታይዘር ሲነካኝ ስለሚያቃጥለኝ እሱን ትቼ በሳሙና ብቻ ደጋግሜ መታጠብ ጀመርሁ፤ ነገር ግን ይባስ አለ። የሥራ ጓደኞቼ «ጓንቱ አልተስማማሽም» ይሉኛል። ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ደግሞ በሳፋ ውሃ ቀድተን፣ ሳቭሎን ጨምረን፣ ሁላችንም እጃችንን እየነከርን እንሠራለን። ጥፋቱ የጓንቱ ነው ወይስ የሳሙናው?

ምላሽ፦ ውድ እህታችን፣ ከገለጹልን ምልክቶች ስንነሳ በእጅዎ ላይ የሚታየው በጤና ባለሙያዎች ዘንድ እጅግ የተለመደው የቆዳ መቆጣት ይመስላል፤ ይህም አለርጂ አይደለም። ቆዳችን ውጪውን የሚጠብቅለት ስስ የቅባት ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን በሳሙና፣ በሙቅ ውሃና ጓንት ውስጥ በሚታመቅ ላብ በቀን ብዙ ጊዜ ሲታጠብና ሲርስ ራሱን ለመተካት ጊዜ ያጣል፤ ከዚያም ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የደሴ ብርድና ደረቅ ነፋስ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። የተሰነጠቀ ቆዳ ለደምና ለምራቅ ክፍት በር ከመሆኑም በላይ ከጤናማ ቆዳ ይልቅ ብዙ ባክቴሪያ ስለሚይዝ ጉዳዩ የመልክ ወይም የምቾት ብቻ አይደለም፤ የእርስዎም የታካሚዎችዎም ደኅንነት ነው።

ሳኒታይዘሩን ትተው ወደ ሳሙና መዞርዎ ብዙዎች የሚወስዱት እርምጃ ነው፤ ውጤቱ ግን እርስዎ እንዳዩት ተቃራኒ ነው። አልኮል የሚያቃጥለው ቆዳው ቀድሞ ስለተጎዳ ነው እንጂ ጉዳቱን ያመጣው እሱ አይደለም። ግሊሰሪን የተጨመረበት ሳኒታይዘር የቆዳን ቅባት ከሳሙና ባነሰ መጠን ይነካል። ስለዚህ ልማድዎን ይገልብጡት። እጅዎ ላይ ደም፣ ምራቅ ወይም የጓንት ዱቄት ሲታይ፣ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡና ምግብ ከመብላትዎ በፊት በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ፤ ይህም ማድረቁን ጨምሮ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ የሚወስድ ነው። በሌላው ጊዜ ሁሉ፣ ማለትም በታካሚና በታካሚ መካከል፣ ጓንት ከማጥለቅዎ በፊትና ካወለቁ በኋላ፣ እጅዎን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ ድረስ በሳኒታይዘር ማሸት በቂ ነው። ሁለቱን አከታትሎ መጠቀም ግን ቆዳን ይጎዳል፤ ጥቅምም የለውም። በማለዳ ብርድ በሙቅ ውሃ መታጠብ ቢያጓጓም ለብ ያለው ይሻላል። እጅዎን አይሹት፤ በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። እርጥብ እጅ ላይ ጓንት ማጥለቅ የቆዳ መቆጣት ዋና ምክንያት ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በተጣደፈ ክሊኒክ ውስጥ በጣም የሚዘወተረውም ይኸው ነው።

ስንጥቁ እስኪድን ድረስ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍነው ከላዩ ጓንት ያጥልቁ፤ የተቻለ እንደሆነም መሣሪያ የማጠቡን ሥራ ለጊዜው ሌላ ሰው እንዲይዝልዎ ይጠይቁ። ማታ ከሥራ ሲወጡ ቫዝሊን ወይም ሌላ ወፍራም ቅባት በብዛት ይቀቡ። በሥራ ሰዓት ግን ቫዝሊንም ሆነ በየቤታችን የምንቀባው ቅቤ የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ጓንትን ስለሚያሳሳው አይቀቡት፤ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልግዎ ውሃ ላይ የተመሠረተ ክሬም ነው።

አሁን ወደ ጓንቱ እንመለስ። የጓንት አለርጂ አለ፤ ዓይነቱም ከአንድ በላይ ነው። አንደኛው ጓንት ከተጠለቀ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚመጣ ማሳከክና ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጓንቱ የሚያልቅበትን የእጅ አንጓ መስመር ተከትሎ ይታያል። መንሥኤው ጎማው ሲመረት የሚጨመሩ ኬሚካሎች ናቸው፤ እነዚህ ኬሚካሎች ከሰው ሠራሽ ጎማ በሚሠሩ አንዳንድ የናይትራይል ጓንቶችም ውስጥ ስለሚገኙ ጓንት መቀየር ብቻውን ላይፈታው ይችላል። ሁለተኛው ለራሱ ለላቴክስ ፕሮቲን የሚሰጥ ፈጣን ምላሽ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ያብጣል፣ ያሳክካል፤ ያስነጥሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ አልፎ አልፎም ለሕይወት ያሰጋል። ይህ ምልክት የታየበት ሰው ላቴክስን በዚያው ቀን ማቆም አለበት። ዱቄት ያለው ጓንት ደግሞ ፕሮቲኑን በአየር ላይ ስለሚበትነው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይነካል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዱቄት ያላቸውን የሕክምና ጓንቶች እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ያገደው በዚህና በመሰል ምክንያቶች ነው። ክሊኒክዎ የሚገዛው ጓንት ዱቄት ያለው ከሆነ በሚቀጥለው ግዢ ዱቄት የሌለው እንዲመጣ ይጠይቁ።

ሦስተኛው በጥርስ ሕክምና ሥራ በብዛት የሚታይ ስለሆነ ትኩረት ይሻል። በብርሃን በሚጠነክር ሙሌት ሥራ የምንጠቀምበት ማጣበቂያ ፈሳሽ፣ በተለምዶ ቦንዲንግ የምንለው፣ ሜታክሪሌት የተባሉ ኬሚካሎች አሉበት። እነዚህ ኬሚካሎች ተራ የምርመራ ጓንትን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋሉ፤ ጓንቱ ቀዳዳ ባይኖረውም ማለት ነው። ለእነሱ አለርጂ የያዘው ሰው የአውራ ጣቱ፣ የአመልካች ጣቱና የመሐል ጣቱ ጫፍ ይሰነጠቃል፤ ይደነዝዛልም። ስለዚህ የጠርሙሱን አፍ በጓንት ጣት አይጥረጉ፤ ፈሳሹ ጓንትዎን የነካ እንደሆነ ሥራው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ጓንቱን ይለውጡ። የእርስዎ ጉዳት በእጅ ጀርባ ላይ በመሆኑ ከዚህ ይልቅ ተራው የቆዳ መቆጣት ይመስላል ብለናል። ያም ሆኖ በጥቂት ሳምንታት ካልቀነሰ በከተማዎ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ነውና ሄደው ይታዩ።

የሳፋውን ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ብዙ ሰው እጁን የሚነክርበት ውሃ የአንዱን ጀርም ለሌላው ያደርሳል። ሳቭሎኑ በውሃ ሲቀጥንና ደምና ምራቅ ሲገባበት ኃይሉን ያጣል፤ እንዲያውም በቀጠነ ፀረ ተሕዋስ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሉ። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከግርጌው ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከወንበር ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጦ፣ ከሥሩ ባልዲ ማድረግ የሚፈስ ውሃ ያስገኛል። ለእያንዳንዱ እጅ መጥረጊያ በትናንሹ የተቆረጡና በየቀኑ የሚታጠቡ የጥጥ ጨርቆች ይዘጋጁ፤ በምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የጋራ ፎጣ ግን አንሱት። የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስም ሲጎድል ከላይ የሚሞላ ሳይሆን ባዶ ሲሆን ታጥቦና ደርቆ የሚሞላ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በጥርስ ሕክምና ባለሙያነት እሠራለሁ። ጥርስ ለመንቀል ማደንዘዣ ከሰጠሁ በኋላ የመርፌውን ክዳን ስመልስ የግራ እጄን አመልካች ጣት ወጋኝ። ጣቴን ጨምቄ ደሙን አወጣሁና በበረኪና አጠብሁት። ታካሚው ጤናማ የሚመስል ወጣት ስለነበር ምንም አልጠየቅሁትም። ለኃላፊዬ ብናገር ጥንቃቄ እንደጎደለኝ ይቆጠርብኛል ብዬም ዝም አልሁ። አሁን ከሳምንት በላይ ሆኖኛል፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ወንድማችን፣ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አሁንም ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ። ዛሬ ወይም ነገ የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ያድርጉ። ይህ የመጀመሪያ ምርመራ የሚያሳየው ከመወጋትዎ በፊት የነበረውን ሁኔታ ነው። የኤችአይቪ ምርመራውን ከተወጉበት ቀን 6 ሳምንት፣ ከዚያም 3 ወር ሲሞላ ይድገሙት፤ የሄፓታይተስ ክትትሉንም ሐኪሙ በሚሰጥዎ ቀጠሮ መሠረት ይፈጽሙ። ውጤቱ ተሟልቶ እስኪታወቅ ደም አይለግሱ፤ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ኮንዶም ይጠቀሙ። ታካሚውን በካርዱ ላይ ባለው አድራሻ አማካይነት ክሊኒኩ በአክብሮት ጠርቶ፣ ምክር ተሰጥቶትና ፈቃዱን ሰጥቶ ሊመረመር ይችላል። የእሱ ውጤት ነጻ ከሆነ የእርስዎ ሸክም በእጅጉ ይቀላል። ጤናማ መምሰሉ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በሄፓታይተስ ቢ የተያዘ ሰው ዐይኑ ቢጫ ሳይሆንና ሕመም ሳይሰማው ለዓመታት ሊኖር ይችላል።

የስጋቱን መጠን በቁጥር ማወቅ ይረዳል። የኤችአይቪ ቫይረስ ባለበት ደም በተነከረ መርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ በአማካይ 0.3 በመቶ፣ ማለትም ከ1,000 ሰዎች 3 ያህሉ ነው። ለሄፓታይተስ ሲ ከ2 በመቶ በታች ነው። ለሄፓታይተስ ቢ ግን ክትባት ላልወሰደ ሰው ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ብዙ ባልደረቦቻችን ኤችአይቪን እየፈሩ በሰፊው «የወፍ በሽታ» ከሚባለው ጋር የሚያያዘውን ይህን ቫይረስ መዘንጋታቸው ያሳስበናል። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ፣ በወንበር እጀታም ሆነ በጠረጴዛ ላይ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመበከል አቅሙን ይዞ ይቆያል። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አብዛኛው ባለሙያ በልጅነቱ አልተከተበም። እርስዎም ካልተከተቡ አሁኑኑ ይጀምሩ። ሦስቱ ክትባቶች የመጀመሪያው ዛሬ፣ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር ይሰጣሉ። ከሦስተኛው ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ የመከላከያ መጠኑ 10 ዩኒትና ከዚያ በላይ መድረሱን በደም ምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል።

ወደ ፊት ለእርስዎም ሆነ ለሌሎች አንባቢዎች የሚሆነውን ደግሞ በግልጽ እናስቀምጥ። መርፌ ወይም ስለት የወጋው ሰው ሥራውን አቁሞ ጓንቱን ያውልቅ፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይጠብ። መጭመቅ፣ መምጠጥ፣ በበረኪና ወይም በሌላ ጠንካራ ኬሚካል ማጠብ ሥጋውን ከማቁሰል በቀር ጥቅሙ አልታየም። ደም ወይም ምራቅ ዐይን ውስጥ ከተረጨ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው የድኅረ ተጋላጭነት መድኃኒት በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ግፋ ቢል ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ካልተከተበ ሰው ጋር በተያያዘም የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። መድኃኒቱ ፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። አደጋው በሌሊት ወይም በበዓል ቀን ቢደርስ እንኳ ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነውና እስከ ሰኞ የሚያስጠብቅ ምክንያት የለም።

እርስዎን ዝም ያሰኘው ፍርሃት የተቋሙ ጉድለት ነው፤ ይህን የምንለው በጥብቅ ነው። የተወጋ ሠራተኛ የሚወቀስበት ክሊኒክ ውስጥ አደጋው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የሚነገረው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክሊኒክ ሠራተኛው ሲወጋ ለማን እንደሚያሳውቅ፣ የት እንደሚሄድና የትኛው ስልክ ላይ እንደሚደውል የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት በመታጠቢያው አጠገብ መለጠፍ አለበት።

መርፌው ለምን የግራ አመልካች ጣትዎን እንደወጋ ብናስብ፣ ክዳኑን የያዘው እጅ ያ ስለሆነ ነው። በአንድ ታካሚ ላይ ሁለተኛ ካርትሪጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) መስጠት ስለሚያስፈልገን በጥርስ ሕክምና ውስጥ መርፌን ጨርሶ አለመክደን አይቻልም፤ ነገር ግን በሁለት እጅ መክደን አያስፈልግም። ክዳኑን በትሪው ላይ ያጋድሙት። ግራ እጅዎን ከትሪው ያርቁ። በቀኝ እጅዎ ሲሪንጁን ይዘው የመርፌውን ጫፍ ወደ ክዳኑ አፍ ያስገቡና ክዳኑን በመርፌው ይዘው ቀና ያድርጉት፤ እስከ መጨረሻው ጫን የሚሉት ክዳኑ መርፌውን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው በኋላ ነው። መርፌ በሚሰጡበት ጊዜም ጉንጩን በጣትዎ ሳይሆን በመስታወቱ ይግለጡት። ሲሪንጁን ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉ፤ ትሪው ላይ አስቀምጠው ረዳትዎ ከዚያ ያንሣ።

ጥያቄ፦ የጋብቻ ቀለበቴን በጓንቱ ሥር አድርጌ እሠራለሁ። ለእኅቴ ሠርግም እጄን እንሶስላ ሞቄ ነበር፤ ኃላፊዬ ቀለሙ እስኪለቅ እንዳልሠራ ነገሩኝ። ትክክል ናቸው?

ምላሽ፦ በቀለበቱ እውነት አላቸው፤ በእንሶስላው ግን አይመስለንም። በቀለበት ሥር ያለ ቆዳ በሳሙናም ሆነ በሳኒታይዘር በደንብ አይደረስበትም፤ ቀለበቱም ጓንት ይቀዳል። እንሶስላም ሆነ ሒና በቆዳ ላይ ቀለም እንጂ ሽፋን ስለማይሠሩ እጅዎን ከመታጠብ አያግዱም። የሚያሳስበው ጥፍር ነው። አጭር ይሁን፤ የተለጠፈ ሰው ሠራሽ ጥፍር ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። የተላላጠ የጥፍር ቀለምም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ በደሴ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ላይ ያለሁ ተማሪ ነኝ። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ታካሚ ጥርሱን ሊያሞላ ሲመጣ አስተማሪያችን ቀጠሮ ሰጥተው መለሱት። ጓንትና ማስክ እያለን ለምን አልሠራንለትም?

ምላሽ፦ አስተማሪያችሁ በሚገባ አስበውበታል። በተለምዶ ምች የምንለውና ብዙዎች ከፀሐይ ጋር የሚያገናኙት የከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፐስ ሲምፕሌክስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ ፈሳሽ በቋጠረው ቁስል ውስጥ በብዛት ይገኛል። በስንጥቅ ወይም በጭረት በኩል ወደ ጣት ከገባ የጣት ጫፍ ያብጣል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ሕመሙም ብርቱ ነው። የጥርስ ሐኪሞች በባዶ እጅ በሚሠሩበት ዘመን ይህ የታወቀ የሙያ በሽታቸው ነበር። ዛሬ ጓንት አብዛኛውን ቢከላከልም ጓንት ይቀደዳል፤ ድሪሉ የሚረጨው ውሃም ቫይረሱን ወደ ዐይን ሊያደርሰው ይችላል፤ የዐይን ሄርፐስ ደግሞ ብሌንን ጠባሳ የሚያደርግ ነው። ለታካሚው ለራሱም ቢሆን ከንፈሩን መወጠር ቁስሉን ያሰፋበታል። ስለዚህ ሙሌትን የመሰለ የማያስቸኩል ሥራ ቁስሉ ደርቆ እስኪድን ቢቆይ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ሕመም ወይም እብጠት ኖሮበት የመጣ ታካሚ ግን መመለስ የለበትም፤ የዐይን መከላከያ አድርገው፣ ድሪል ሳይጠቀሙ፣ ለጊዜው የሚያሳርፈውን ሕክምና ይስጡት።

በጣት ላይ እንዲህ ያለ ቁስል የወጣበት ባለሙያ ቁስሉ እስኪድን ከታካሚ መራቅ አለበት። መግል የያዘ መስሎት በስለት መክፈትም የለበትም፤ መከፈቱ አይጠቅመውም፣ ተጨማሪ ጀርም ያስገባበታል።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ፤ የምሠራው በጥርስ ክሊኒክ ነው። ሳኒታይዘሩ አልኮል ስለሆነ እጄን አሽቼ ለሰላት መቆም ይከብደኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ ውሃ እፈልጋለሁ፤ ውሃ በሌለበት ጊዜ ግን እቸገራለሁ።

ምላሽ፦ ጥያቄዎ በወሎ ብዙዎች የሚጋሩት ስለሆነ በማቅረብዎ እናመሰግናለን። ሃይማኖታዊ ፍርድ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ የሚያምኗቸውን ዓሊም ይጠይቁ። ለጥያቄዎ የሚረዳ አንድ ነገር ግን እናካፍልዎ። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የዑለማ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2002 ባደረገው ስብሰባ አልኮልን ለውጫዊ ቁስል ማጽጃነት፣ ለጀርም መግደያነትና በቆዳ ላይ ለሚቀቡ ቅባቶች መጠቀም እንደሚቻል ውሳኔ ሰጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በእጅ ንጽሕና መመሪያው ይህን ጠቅሶታል። ከሕክምናው በኩል ደግሞ በእጅ ላይ የታሸው አልኮል በሰከንዶች ውስጥ ተንኖ ይጠፋል፤ በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው።

በአንድ ነገር ግን ለእርስዎ በተለይ እናስባለን። ከሥራው መታጠብ በላይ የውዱእ መታጠብ ስለሚጨመርብዎ እጅዎ በቀን ብዙ ጊዜ ይርሳል። ከውዱእ በኋላ እጅዎን በደንብ አድርቀው፣ ሰላትዎን ሰግደው ሲመለሱ ክሬም ይቀቡ፤ እጅዎ በሚታይ ነገር እስካልቆሸሸ ድረስም በሳሙና እንደገና መታጠብ ሳያስፈልግዎ በሳኒታይዘር ወደ ሥራ መግባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የጥርስ ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ደብዳቤውን የጻፈችልኝ ልጄ ናት። መሣሪያዎቹን በበረኪና ዘፍዝፌ፣ በስስ ጓንት አጥቤ፣ ወደ መቀቀያው አስገባለሁ። በትሪው ላይ የተተወ መርፌና የድሪል ጫፍ ሁለት ጊዜ ወግቶኛል። በምን ልጠንቀቅ?

ምላሽ፦ እናታችን፣ የወጋዎት ነገር በትሪው ላይ መገኘት አልነበረበትም። መርፌውን፣ ምላጩንና ካርትሪጁን ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ነገር መጣያ ሳጥን) ውስጥ የመጣል ግዴታ የተጠቀመባቸው ሐኪም ነው፤ ያውም ከወንበሩ ሳይነሣ። የድሪሉን ጫፍ ከሀንድፒሱ (ከድሪሉ እጀታ) ነቅሎ ለብቻው በዕቃ ማስቀመጥም የእሱ ሥራ ነው። ሳጥኑ ከወንበሩ በእጅ ርቀት ላይ ይሁን፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ፤ በእግርም በእጅም ተጠቅጥቆ ቦታ አይፈለግለት። ይህን ለክሊኒኩ ኃላፊ ያንብቡላቸው።

ለእጥበት ስሱ የምርመራ ጓንት አይበቃም፤ እስከ ክንድ የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የዐይን መከላከያና ውሃ የማያስገባ ሽርጥ ሊሰጥዎ ይገባል። መሣሪያዎቹን በእፍኝ አያንሱ። በሳሙና ውሃ ውስጥ አስገብተው፣ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ፣ ከውሃው በታች ይፈግፍጓቸው፤ ከላይ ሲፈገፈጉ ወደ ፊት ይረጫሉ። ከእጥበት በፊት በበረኪና መዘፍዘፍ ለብዙ ዓመታት የተማርነው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን አሁን አይመክረውም። ደምና ምራቅ የክሎሪኑን ኃይል ያጠፉታል፤ ክሎሪኑም ብረቱን ያበላሻል። ከሁሉ የከፋው ግን መሣሪያው የጸዳ መስሎን እጃችን መድፈሩ ነው። ደሙና ምራቁ እንዳይደርቅባቸው መሣሪያዎቹን በሳሙና ውሃ ይዘፍዝፏቸው። በረኪናው ለወለልና ለፈሰሰ ደም ይሁን፤ 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በ9 እጅ ውሃ ቢበጠብጡት 0.5 በመቶ ይሆናል፤ በየቀኑም አዲስ ይበጥብጡ።

«መቀቀያ» ያሉት የሚያፈላ ድስት ከሆነ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ማፍላት በየትም ቦታ የባክቴሪያን ዘር (ስፖር) አይገድልም፤ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በኮምቦልቻም 94 ገደማ ነው። አውቶክሌቭ፣ ማለትም በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን፣ ከሆነ ደግሞ ለኃላፊዎ የሚነገር አንድ ብርቱ ጉዳይ አለ። ግፊትን በባለ መርፌ ሰዓት የሚለካው ተራ አውቶክሌቭ 15 ፓውንድ ግፊት ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደረሰ የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ በዚያው 15 ፓውንድ የሚገኘው ሙቀት 117 ዲግሪም አይሞላ፤ 121 ለመድረስ የግፊት ሰዓቱ 19 ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ 18 ገደማ ማንበብ አለበት። ይህ ማለት የደኅንነት ቫልቩን መነካካት አይደለም፤ ያ አደገኛ ነው። ማሽኑ ለዚህ ግፊት መሠራቱን የባዮሜዲካል ባለሙያ ይመልከተው፤ ካልሆነለትም የሚቆይበት ጊዜ በእሱ ምክር ይራዘም። ሙቀትን በራሱ መለኪያ የሚቆጣጠር አዲስ ማሽን ያለው ክሊኒክ ይህ ችግር የለበትም። የተጠቀለለ መሣሪያ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ የሚቆጠረውም ሙቀቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀለሙ የሚለወጠው ቴፕ ጥቅሉ እንደሞቀ እንጂ ጀርሙ እንደሞተ አይነግርምና በየጥቅሉ ውስጥ የኬሚካል ጠቋሚ፣ በየሳምንቱም የስፖር ምርመራ ያስፈልጋል።

ለእርስዎ ለራስዎ ደግሞ፦ ሁለት ጊዜ ተወግተዋልና ከላይ ለኮምቦልቻው ጠያቂ የገለጽነውን ምርመራ ያድርጉ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ይጀምሩ። ክትባቱ ለሐኪሙ ብቻ የተመደበ አይደለም፤ ወጪውን ክሊኒኩ እንዲችል መጠየቅም መብትዎ ነው። የሦስቱን ቀጠሮ ቀናት ልጅዎ በካርዱ ላይ ትጻፍልዎት።